አሮጌ ቬስፓ ሲያስል

በሐዋሳ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው ጠዋት በሩን ከፍቶ ሲወጣ አስቀድሞ የሚቀበለው የባጃጅ ድምፅ ነው። ድምፁን እጅግ ከመልመዳችን የተነሣ የምንሰማው እንኳ አይመስለንም። ዳሩ ግን አንዳንድ ቀን በባጃጆቹ መካከል ቀጠን ያለና የሚያንዘረዝር ሌላ ድምፅ ብቅ ይላል፤ ያን ጊዜ በዕድሜ የገፉት ሰዎች ከመንገዱ ዳር ቆም ብለው ዘወር ይላሉ፤ ልጆችም «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ይባባላሉ። ይህ ቬስፓ ነው። በዚህ ሳምንት የማወሳውም ስለዚሁ ስለ ቬስፓ፣ ይልቁንም ታሞ ስለሚያስለው ቬስፓ ይሆናል። ነገሩ ለባለ ቬስፓዎች ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ ቤንዚን ከዘይት ጋር እየተደባለቀ የሚነዳው ሞተር ሁሉ፣ ለምሳሌ የግንድ መቁረጫው መጋዝ፣ ጠባዩ ከቬስፓ ጠባይ እምብዛም አይለይም።

ቬስፓ በኢጣልያንኛ ተርብ ማለት ነው። የፒያጆ ኩባንያ አዲሱን ሥራውን በፓተንት ያስመዘገበው እ. ኤ. አ. ኤፕሪል 23 ቀን 1946 ነው። የነደፈው ኮራዲኖ ዳስካንዮ የሄሊኮፕተር መሐንዲስ ሲሆን፣ ሞተር ብስክሌት የሚባለውን ነገር አይወድም ነበር ይባላል፤ ልብስ ያቆሽሻል፣ ጎማው ሲተነፍስም ለመለወጥ ያስቸግራል ባይ ነበረ። ስለዚህ ሞተሩን ከኋለኛው ጎማ አጠገብ በቆርቆሮ ሸፈነው፤ ሰንሰለቱን አስቀረው፤ የፊተኛውን ጎማ እንደ አውሮፕላን ጎማ በአንድ ወገን ብቻ ሰቀለው፤ ማርሹንም ከግራ እጅ መያዣ ላይ አደረገው። ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ በ1948፣ ያው ኩባንያ ባለ ሦስት ጎማውን «አፔ»ን አወጣ፤ አፔ ደግሞ ንብ ማለት ነው። የሕንዱ ባጃጅ ከ1960 ገደማ ጀምሮ በፒያጆ ፈቃድ ቬስፓን በአገሩ ይሠራ ነበር፤ ፈቃዱ በ1971 ካበቃ በኋላም በራሱ ስም ያወጣውን ስኩተር «ቼታክ» ብሎ ሰየመው። ቼታክ የአንድ የራጅፑት ንጉሥ የጦር ፈረስ ስም ነው። (ይህን ሳነብ የእኛ ነገሥታት በፈረሶቻቸው ስም አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው መባላቸው ትዝ አለኝ፤ ስኩተር የሠራነው እኛ ብንሆን ኖሮ ስም አናጣለትም ነበር።) እንግዲህ ሐዋሳን የሞላው ባጃጅ ለቬስፓ የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ነው።

ዘመድነቱ ግን አንድ መዘዝ አለው። ዛሬ በመንገዳችን የሚመላለሱት ባጃጆች ሞተራቸው አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት ምት ነው፤ ዘይታቸው ለብቻው፣ ቤንዚናቸውም ለብቻው ነው። አሮጌው ቬስፓ ባለ ሁለት ምት ስለ ሆነ ፒስተኑን የሚያለሰልስ ሌላ የዘይት ቋት የለውም። ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ሲመጣለት ብቻ ነው። በባጃጅ የሠለጠነ መልካም ወጣት መካኒክ ይህን ካልነገሩት፣ ባለ ሁለት ምቱን በባለ አራት ምት ዐይን ያየዋል። ቀጥሎ የምተርከው ነገር የመጣውም በከፊል ከዚህ ነው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ሆኖም ስለ ግፊትና ስለ ሙቀት የሚያስተምር ሰው ሬድዮ ሲበላሽም፣ ምጣድ አልሞቅ ሲልም ጎረቤቱ ወደ እርሱ መምጣቱ አይቀርም። ባለፈው ክረምት በሠፈራችን የሚኖሩ አንድ ልብስ ሰፊ ቬስፓቸውን እየገፉ መጡ። ቬስፓው ከአባታቸው የወረሱት ባለ 150 ሲሲ ነው፤ አባትየው አዲስ አበባ ሳሉ ይነዱት ነበር። ልብስ ሰፊው ጨርቅ ያመላልሱበታል፤ ጠዋት ጠዋትም የ12 ዓመት ልጃቸውን ከኋላ አስቀምጠው ትምህርት ቤት ያደርሱበታል።

«መምህር፣ ይኼ ነገር ያስላል» አሉኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«ስድስት ወር ይሆነዋል። መጀመሪያ ያጨስ ነበር። ጭሱን ሁለት ጊዜ አሠራሁት። በተሠራ ሰሞን እንደ ጉድ ይሄድልኛል፣ ጉልበቱ ይጨምራል፤ ከዚያ ተመልሶ የባሰ ይሆናል። ወንድሜማ ለቁራሌው ስጠውና ተገላገል ይለኛል።»

«አሠራሁት» ያሉትን ዘርዝረው እንዲነግሩኝ ስጠይቃቸው ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። አንደኛው ጋራዥ «ጭሱ ቤንዚን በዝቶበት ነው» ብሎ፣ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ጄት የተባለውን ባለ ቀዳዳ ብሎን አውጥቶ ቀዳዳው ጠበብ ያለ ሌላ አገባበት። ሁለተኛው ጋራዥ «ጭሱ ዘይት በዝቶበት ነው» ብሎ፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቀውን ዘይት በግማሽ እንዲቀንሱ መከራቸው። ከዚህም ሌላ ሁለቱም ጋራዦች «የማርሹ ዘይት ጎድሏል» ብለው ሞልተው ሰደዷቸው። ልብስ ሰፊው ይህን የመጨረሻውን የነገሩኝ እንደ ተራ ነገር፣ በንግግራቸው ጅራት ላይ ነው። አንባቢዬ ግን እዚህ ላይ ልብ ይበል። የማርሽ ዘይት አይቃጠልም፤ እንደ ቤንዚን እየተነዳ የሚያልቅ ነገር አይደለም። መሬት ላይ ሳይንጠባጠብ ከጎደለ፣ የሄደበት መንገድ መኖር አለበት።

ያ መንገድ እንዲታይ ስለ ባለ ሁለት ምት ሞተር አሠራር ጥቂት ልበል። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ ከበታቹ ያለው ክፍል፣ ክራንኩ የሚዞርበት የሞተሩ ሆድ፣ አየርና ቤንዚን ከካርቡራተሩ ይስባል። ፒስተኑ ሲወርድ ያንኑ ጨምቆ በጎን ባለው መተላለፊያ ወደ ላይኛው ክፍል ይልከዋል፤ እዚያ ይነዳል። እንግዲህ የሞተሩ ሆድ እንደ ብስክሌት ፖምፓ ነው። የፖምፓ ቆዳ ሲቀደድ ክንድ እስኪዝል ቢገፉ ጎማው እንደማይነፋ ሁሉ፣ የሞተሩም ሆድ ከተነፈሰ ሥራው ይበላሻል። የክራንኩ ዘንግ ከሆዱ በሁለት ወገን ብቅ ይላል፤ በአንዱ ወገን ማግኔት ያለበትን ቮላኖ ያዞራል፣ በሌላው ወገን ፍሪሲዮኑን ይይዛል። በሁለቱም መውጫ ላይ ዘይትና አየር የሚያግድ የጎማ ቀለበት አለ፤ መካኒኮቻችን ፓራኦሊዮ የሚሉት ይህንን ነው። ጎማ ደግሞ እንደ ማናቸውም ጎማ ያረጃል፤ ሳይነዱ ብዙ ዓመት ያቆሙት ቬስፓ ላይ ይልቁን ይደርቃል።

በቮላኖው በኩል ያለው ቀለበት ሲያረጅ የሚገባው ንጹሕ አየር ብቻ ነው። ጭስ የለም። የነዳጅ መስጫውን ሲለቁት ሞተሩ ቶሎ ዝቅ አይልም፤ እየጮኸ ይቆያል፤ የሚኒሞውን ብሎን ቢያዞሩ ቢመልሱ በአንድ ቦታ አይረጋም። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ሲያረጅ ግን ሆዱ በሳበ ቁጥር ከማርሹ ቤት ዘይት ይሰርቃል፤ ያም ዘይት ይነዳና ከማርሚታው ወፍራም ነጣ ያለ ሰማያዊ ጭስ ይወጣል፤ ካንዴላው በዘይት ይርሳል፤ ሞተሩ ያስላል። ሆዱ በጨመቀ ቁጥር ደግሞ ቤንዚኑ በዚያው ቀዳዳ ወደ ማርሹ ቤት ይገፋል። ስለዚህ የማርሹን ዘይት ጥቂት በጣት ነክቶ ማሽተት ነው፤ ዘይቱ ቀጥኖ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ሌላ ምስክር አያስፈልግም።

በልብስ ሰፊው ቬስፓ ላይ የማርሹን ዘይት መለኪያ ብሎን ስንፈታ ጠብ ያለ ነገር የለም። የታችኛውን ማፍሰሻ ብንከፍተው አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ቀጭን ነገር ወረደ፤ ሽታውም የነዳጅ ማደያ ሽታ ነበር።

«ታዲያ ጭሱ ለምን በየጊዜው ይጠፋ ነበር?» አሉኝ።

ለምን እንደ ሆነ አሁን ግልጽ ነው። የማርሹ ዘይት ተሰርቆ ሲያልቅ የሚጨስ ነገር ያልቃል። ጋራዡ ዘይት ሲሞላ ጭሱ ይመለሳል። በመካከሉ የተለወጠው ጄትና የተቀነሰው ዘይት ያላደረጉትን ምስጋና ይወስዳሉ። ይልቁንም የሚያስደነግጠው፣ የሚደባለቀው ዘይት በግማሽ ከተቀነሰ ወዲህ ሞተሩ ሳይነክስ የቆየው ምናልባት ከማርሹ ቤት በሚሰርቀው ዘይት መሆኑ ነው። የማርሹ ቤት ባዶ በሆነበት ሰሞን ግን ያ ሌብነት እንኳ አልነበረም።

«እንደ ጉድ ይሄድልኛል» ያሉትም የሚያስደስት ወሬ አልነበረም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚን ሲያንሰውና አየር ሲበዛለት እሳቱ ይበረታል፣ ድምፁ ይጠራል፣ ፍጥነቱም የጨመረ ይመስላል። ሰው በትኩሳት ጊዜ ዐይኑ እንደሚያበራ ዐይነት ነው። በዚህ ጊዜ ፒስተኑ ከልክ በላይ ይግላል። ፒስተኑ አሉሚኒየም፣ ሲሊንደሩ ደግሞ ብረት ነው፤ አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው የብረትን ሁለት እጥፍ ያህል ስለ ሆነ፣ ሙቀቱ ካለፈ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ይጠብቃል፤ የሚያለሰልሰው ዘይትም ካነሰ ይነክሳል። ፒስተኑ ሲነክስ የኋለኛው ጎማ በአንድ ጊዜ ይቆማል። ከሐዋሳ ሻሸመኔ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ከኋላዎ አይሱዙ እየመጣ፣ ሕፃንም ወገብዎን ይዞ፣ የኋላ ጎማ በድንገት ቢቆም የሚሆነውን እኔ አልተርክም።

ስለዚህ ባለ ሁለት ምት የሚነዳ ሰው አንድ ነገር በእጁ ያስለምድ፤ ሞተሩ ያለ ምክንያት ሲከብደው ወይም ድምፁ ሲለወጥ ግራ እጅ ወዲያው ፍሪሲዮኑን ይያዝ። ፍሪሲዮን ከተያዘ ሞተሩ ቢነክስም ጎማው ይሽከረከራል፤ ሰውም ወደ ዳር ለመውጣት ጊዜ ያገኛል። ረጅም ቁልቁለት ሲወርዱም የነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ዘግተው ማርሽ ውስጥ እንዳለ አይውረዱ፤ ቤንዚን ካልገባ ዘይትም አይገባምና። በየጥቂቱ መለስ እያደረጉ ማጠጣት ይገባል።

በእርግጥ የሚያስል ቬስፓ ሁሉ ፓራኦሊዮው አርጅቶ ነው ማለቴ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከዚህ የቀለለና የረከሰ ነው። ስለዚህ ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ ከባዱ መሄድ፣ አንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ያስፈልጋል። ጄትም ካንዴላም ቤንዚንም በአንድ ቀን ከተለወጡ፣ የዳነው በየትኛው እንደ ሆነ፣ የባሰበትም በየትኛው እንደ ሆነ ሰው አያውቅም። ከሁሉ በፊት ግን በሽታው መቼ እንደሚነሣ መመልከት ነው፤ ገና ሲነሣ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ቆሞ ሳለ ነው ወይስ ዳገት ሲወጣ? በጥቂት ነዳጅ ነው ወይስ መስጫው ሙሉ ሲዞር? ሐኪም እጁን ከማሳረፉ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ቤንዚኑ። ከመንገድ ዳር በጄሪካን የተገዛ ቤንዚን ምን እንደ ተጨመረበት አይታወቅም። ጥቂቱን በብርጭቆ ቀድቶ አንድ ሰዓት ማስቀመጥ ነው፤ ውሃ ካለበት ከታች ይዘቅጣል፣ ዝገትም ካለ ይታያል። ቤንዚኑ ለብዙ ወር በታንኩ ውስጥ የቆየ ከሆነ ምንም ሳይመራመሩ ማፍሰስ ይሻላል። የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው ትንሿ የአየር ቀዳዳ ስትደፈንም ሞተሩ 10 ደቂቃ ያህል መልካም ሄዶ እያሳለ ይጠፋል፤ ክዳኑን ከፍተው ሲዘጉት ደግሞ ይነሣል። ይህን ሳያውቁ ካርቡራተር የቀየሩ ሰዎች አሉ።

ቀጥሎ ካንዴላው። የካንዴላን ቀለም ማንበብ ፊደል እንደ መቁጠር ነው። ጫፉ የተቆላ ቡና ወይም የማኪያቶ ቀለም ካለው ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቶበታል፤ ወይም የአየሩ ፊልትሮ በአቧራ ተደፍኗል፣ በእኛ በስምጥ ሸለቆ አቧራ ይህ የተለመደ ነው። እንደ አመድ ከነጣ አየር በዝቶበታልና ሳይጠግኑት አይንዱት። በወፍራም ዘይት ከራሰ ደግሞ አፍንጫን ወደ ማርሹ ቤት ማዞር ነው። በካንዴላው ጫፍ ያለው ክፍተት 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃዋል።

ከዚያ የእሳቱ ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነውና። ካንዴላውን ፈትተው ከሞተሩ ብረት ጋር አስደግፈው ሲረግጡት ብልጭታ ካዩ «እሳቱ ደህና ነው» ብለው ያልፋሉ። (ይህን ሲያደርጉ ቤንዚን በአቅራቢያው አይኑር።) ነገር ግን በክፍት አየር መብለጭ ቀላል ነው፤ በሲሊንደሩ ውስጥ በታመቀ አየር መካከል መብለጭ ብዙ እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። ስለዚህ መብለጩ ብቻ ሳይሆን ቀለሙ ይታይ፤ ሰማያዊና የሚያንቃቃ ከሆነ መልካም፣ ቢጫና ቀጭን ከሆነ ግን ደካማ ነው። ድካሙ ብዙውን ጊዜ ከፑንቲናው ይመጣል፤ በቮላኖው ውስጥ ሆኖ የሚከፈትና የሚዘጋው እርሱ ነው። ፊቱ ከጠቆረ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጠረጋል፤ ክፍተቱም በ0.3 እና በ0.5 ሚሊ ሜትር መካከል ይስተካከላል። ፑንቲናው በጥቂት ቀን ውስጥ ተመልሶ ከጠቆረ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ኮንደንሰሩ ነው። የኮንደንሰር በሽታ ተንኮለኛ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይከዳል። ቬስፓዎ ጠዋት እንደ ልብ ተነሥቶ፣ ሐይቁ ዳር ደርሶ ከጠፋ፣ ግማሽ ሰዓት አርፎም እንደ ገና ከተነሣ፣ ካርቡራተሩን አይንኩት።

ማርሚታው በካርቦን ሲደፈን ሞተሩ ዳገት ላይ ይታፈናል፤ ይህ በእሳት ወይም በመጥረጊያ ይጸዳል፣ ብዙ አያስጨንቅም። ካርቡራተሩ የሚነካው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። ሲጸዳም ቀዳዳዎቹ በቤንዚንና በአየር ይነፉ እንጂ በሽቦ አይጎርጎሩ፤ ሽቦ መዳቡን ይቦረቡረውና የጄቱ ቁጥር ሐሰተኛ ይሆናል። ሰው ሁሉ ወደ ካርቡራተሩ የሚሮጠው ብሎን ስላለውና ካቻቢቴ ስለሚገባበት ይመስለኛል። የሚዞር ነገር ሲገኝ አለማዞር ይቸግራል።

ይሁን እንጂ ጄቱን ያጠበበው ጋራዥ ያለ ምክንያት አልተነሣም። አገራችን ከፍተኛ ስለ ሆነች፣ በባሕር ጠረፍ ልክ የተሠራ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን እንደሚያበዛ እውነት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ። አየሩ ከፍ ባሉ ቁጥር ይሳሳል። ተማሪዎቼን ያሠራኋቸው ስሌት እንደሚያሳየው፣ ሐዋሳ ላይ ቤንዚኑ ከመቶ 8 ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ ከመቶ 11 ያህል ቢቀነስ ይበቃል። የጄት ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በሚሊ ሜትር መቶኛ የሚነግር ነው፤ 100 ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ነው። የሚፈሰው ቤንዚን መጠን ደግሞ እንደ ቀዳዳው ፊት፣ ማለት እንደ ቁጥሩ ካሬ ነው። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ 100 የሚበቃው ሞተር ሐዋሳ ላይ 96፣ አዲስ አበባ ላይ 94 ቢገባለት ልክ ነው።

ልብስ ሰፊው የአባታቸውን ጄት በክብሪት ቀፎ ውስጥ አኑረውት ነበርና አምጥተው አሳዩኝ፤ 100 ይላል። ጋራዡ ያገባበት 90 ነው። ልዩነቱ ለዐይን ምንም አይደለም፤ ካሬው ሲወሰድ ግን ከመቶ 19 ቤንዚን ተቀንሷል ማለት ነው፤ ለአዲስ አበባም እጅግ ያነሰ ነው። በዚህ ላይ በአረጀው ቀለበት የሚገባው አየር ይታከልበት። የተቀነሰው ዘይትም ይታከልበት። ሦስቱም አንድ ላይ ሲሆኑ ያ ቬስፓ እስከ ዛሬ መሄዱ የሚያስገርም ነው።

ጥገናው እንዲህ ሆነ። በፍሪሲዮን በኩል ያለውን ቀለበት ለመለወጥ የሞተሩ ሆድ ለሁለት መከፈት አለበት፤ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ነው። የሠራው በሠፈራችን ያለ የባጃጅ መካኒክ ነው፤ ዘመድነቱ እዚህ ላይ ጠቀመን፣ ፍሪሲዮኑን ለማውጣት እጁ አልተንቀጠቀጠም። መለዋወጫው ግን በቬስፓ ስም ሲፈለግ አልተገኘም። ልብስ ሰፊው ሦስት ሱቅ ዞረው «የለም» ሲባሉ ተመለሱ። ፓራኦሊዮ ግን በመኪና ስም መፈለግ የለበትም፤ በልክ ነው የሚፈለገው። የውስጡ ስፋት፣ የውጭው ስፋት፣ ውፍረቱ፤ ሦስት ቁጥር በሚሊ ሜትር። አብዛኛውን ጊዜ በአሮጌው ቀለበት ፊት ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ከጠፋም በካሊፐር ይለካል። እነዚህን ቁጥሮች ጽፈው ኩሽኔታ የሚሸጥ ሱቅ ሲሄዱ ባለሱቁ ስለ ምን መኪና እንደ ሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ከመደርደሪያው አወረደላቸው። ቤንዚን የማይበላው ጎማ መሆኑን ግን መጠየቅ ያስፈልጋል። እ. ኤ. አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የወጣ ኤታኖል በቤንዚን ውስጥ መጨመር በተጀመረ ጊዜ ታይቷል፤ ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ አሮጌ ጎማንም ያለሰልሳል። ቡናማ ቀለም ያለው ቪቶን የሚባለው ዐይነት ከተገኘ ዋጋው ቢጨምርም እርሱ ይመረጣል። ሆዱ ከተከፈተ ዘንድ ሁለቱንም ቀለበቶችና ኩሽኔታዎቹን አብሮ መለወጥ ነው፤ በሚመጣው ዓመት ለሌላው ብሎ እንደ ገና መክፈት የገንዘብ ጠላት መሆን ነው። ጓርኒሲዮኖቹን መካኒኩ ከወረቀት በመቀስ ቆርጦ ሠራቸው።

ጄቱን 96 ፈልገን ስላጣን የአባትየውን 100 መለስነው። በእኔ አሳብ ቤንዚን ትንሽ የበዛበት ሞተር ካንዴላ ያጠቁራል፣ ጥቂት ገንዘብም ይበላል፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ግን ሰው ይጥላል። ሁለቱ በአንድ ሚዛን የሚቀመጡ አይደሉም። መካኒኩም የቮላኖውን ብሎን ካጠበቀ በኋላ አንድ ጊዜ ቢረግጠው ተነሣ፤ መጀመሪያ በማርሚታው ውስጥ የቀረው አሮጌ ዘይት ሩብ ሰዓት ያህል ሲጨስ ልብስ ሰፊው ፊታቸው ጨልሞ ነበር። ጭሱ ግን እየሳሳ ሄደ። ከአንድ ወር በኋላ የማርሹን ዘይት ስንለካ መጠኑም ሽታውም እንደ ነበረ ነው። ወንድማቸው ስለ ቁራሌው የሚለውን ትቶ አሁን «እስቲ እኔም አንድ ቀን ልንዳው» ማለት ጀምሯል፤ እስካሁን አልተፈቀደለትም።

የቀረው የዘይቱ ልክ ነው። በ1950ዎቹ (እ. ኤ. አ.) የተሠሩት የቀድሞዎቹ ቬስፓዎች ለመቶ እጅ ቤንዚን 5 እጅ ዘይት ይሻሉ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት በአብዛኛው 2 እጅ ይበቃቸዋል። የየትኛው ወገን እንደ ሆነ በመኪናው መጽሐፍ ወይም በታንኩ ክዳን አጠገብ ይፈለግ። ዘይቱም ለባለ ሁለት ምት የተሠራ ይሁን፤ የመኪና ሞተር ዘይት ሲነድ አመድ ይተዋል። ልብስ ሰፊው ልኩን በግምት ከማፍሰስ እንዲድኑ ከፋርማሲ አንድ ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝተው መርፌውን ጣሉት። ለአንድ ሊትር ቤንዚን አንድ ሲሪንጅ ዘይት፣ ለ5 ሊትር አምስት ሲሪንጅ። አስቀድመው ዘይቱን በሃይላንድ ጠርሙስ ከጥቂት ቤንዚን ጋር ይበጠብጡታል፤ ከዚያ ታንኩ ውስጥ ይጨምሩታል። ሲሪንጁንም ልጃቸው ትሞላለች፤ ስትሞላም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትቆጥራለች።